ተጫዋቹን አሰናብቶ ጨዋታውን ማዳን

ኪሳራ ደጃፉ ላይ የቆመበትን ኩባንያ እንዲያድን የተጠየቀ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወስነው ውሳኔ፣ ከሚጽፈው ፈተና ይልቅ ምን እንደ ተማረ ይናገራል። ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት፣ ከዕዳው የቱ ይቅደም፣ ከወጪው የቱ ይታጠፍ ለሚሉ ጥያቄዎች በጥድፊያ የሚሰጥ መልስ ተሸፋፍኖ አይቀርም። በቅርቡ እዚህ ጎንደር ውስጥ የንግድ ሥራ አመራር የሚያጠኑ ወጣቶች በራሳቸው ተነሣሽነት ያካሄዱትን እንዲህ ያለ የቀውስ ልምምድ በታዛቢነት ተከታትዬ ነበር። ጭብጡን የወሰዱት በውጭ አገር የተማሪዎች ጉባኤ ላይ ከቀረበ ልምምድ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ገንዘብ ያጠረው የአንድ የድራግ (በአብዛኛው ወንዶች በሴት አለባበስ የሚያቀርቡት የመድረክ ትርኢት) መዝናኛ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላት ሆነው ይሰየሙና ኩባንያውን ከመዘጋት እንዲያተርፉ ይጠየቃሉ። እንዲህ ያለውን ልምምድ እደግፋለሁ፤ የመደበኛው ትምህርት አካል ቢሆንም ደስ ይለኛል። ሆኖም ተማሪዎቹ ኩባንያውን ያዳኑበት ስልት በገሃዱ ዓለም ቢፈጸም ከቀውሱ ፈጥኖ ኩባንያውን የሚገድል ነበር፤ ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ስልት ነው።

ለማያውቁት አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ ተሳታፊ ስም፣ ሥልጣንና የግል ጥቅም ያለው ገጸ ባሕርይ ይሰጠዋል፤ አንዱ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ሌላው ባለ አክሲዮን፣ ሌላው የመርሐ ግብር አዘጋጅ ይሆናል። በአዳራሹ ቦርዱ በሰብሳቢ እየተመራ ይከራከራል፤ በጓዳ ደግሞ የቀውሱ አዘጋጆች ተቀምጠው በየጊዜው አዲስ ዜና ይልካሉ፤ ስፖንሰሩ ራሱን አገለለ፣ አከራዩ ውሉን አላድስም አለ፣ ታዋቂው ተጫዋች ለተፎካካሪ ፈረመ የሚል። ቦርዱ በጽሑፍ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ውሳኔ ወደ ጓዳ ይገባና ውጤቱ በሌላ ዜና መልክ ተመልሶ ይወጣል። አንድ አባል ከባልንጀሮቹ ተደብቆ ለጓዳው የግል ደብዳቤ መላክም ይፈቀድለታል፤ ሻጥሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ልማዱ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕሩሺያ መኮንኖች ጦርነትን በካርታ ላይ ይለማመዱ ነበር፤ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ እውነተኛ የኩባንያ ችግሮችን ለተማሪዎች እያቀረበ አከራክሯል፤ የአሜሪካ የማኔጅመንት ማኅበር ደግሞ በ1957 ሥራ አስኪያጆች በኮምፒዩተር እየታገዙ የሚወዳደሩበትን የውሳኔ ጨዋታ ሥራ ላይ አውሏል።

ድራግ በአብዛኛው ወንድ ተጫዋቾች በሴት አለባበስ፣ በደማቅ የፊት ቅብና በዊግ ተውበው፣ ራሳቸው የፈጠሯትን አንዲት ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚዘፍኑበት፣ የሚደንሱበትና የሚቀልዱበት የመድረክ ትርኢት ነው። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን በምሽት ክበቦች ተወስኖ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ አንድ የቴሌቪዥን ውድድር ወደ ትልልቅ አዳራሾችና ወደ ዓለም አቀፍ ጉዞ አወጣው። ገንዘቡ የሚመጣው ከትኬት፣ ከመጠጥ ሽያጭ ከሚደርስ ድርሻ፣ ከጉዞ ትርኢቶች፣ ከስፖንሰርና የተጫዋቹ ምስል ከታተመባቸው ዕቃዎች ሽያጭ ነው፤ ተመልካቹ በቀጥታ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ጉርሻም አለ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ቋሚ ደመወዝተኞች አይደሉም፤ በየትርኢቱ የሚከፈላቸው ውለኞች ናቸው። ልብሱን የሚያሰፋው፣ ዊጉን የሚገዛው፣ ሰዓታት የሚፈጀውን ቅብ የሚቀባው ብዙውን ጊዜ ተጫዋቹ በራሱ ኪስና በራሱ ጊዜ ነው። ገጸ ባሕርይዋም፣ ስሟም፣ ቀልዷም፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚከተላት ሕዝብም የእርሱ ናቸው። ለኩባንያው የሚቀረው የአዳራሽ ውል፣ የትኬት መሸጫ ሥርዓት፣ የጉዞ መርሐ ግብርና የማዘጋጀት ልምድ ነው። ይህን የባለቤትነት አቀማመጥ ያልተረዳ ቦርድ ምን እያዳነ እንዳለ አያውቅም።

ተማሪዎቹ ጭብጡን ሲሰሙ መጀመሪያ ሣቁ፤ ከዚያ አንዳንዶቹ አፈሩ፤ ሁለት ሦስቱ «ለምን ሌላ ኩባንያ አልመረጥንም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በጥያቄነቱ አልቀየምም። በአገራችን ሕግና በምእመኑ ልቡና ውስጥ ይህ ጉዳይ ከሚነካቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ቀላል እንዳልሆኑ ማንም ያውቃል፤ ያ ክርክር ግን የራሱ መድረክ አለው። ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት የደመወዝ፣ የኪራይና የዕዳ ጥያቄዎች ነበሩ። ወንድ በሴት ልብስ መድረክ ላይ መውጣቱ ብቻውን ለኢትዮጵያ ቴአትር እንግዳ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም የሚያውቃቸው አባባ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴት ተዋንያን በማይገኙበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉም አገር ያለቀሰላቸው እንደ አባት ነው። በጃፓንም የካቡኪ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች ከመድረኩ ከታገዱበት ጊዜ ጀምሮ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱ ወንዶችን በልዩ ሥልጠና ሲያፈራ ኖሯል። እነዚህ ከድራግ ጋር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ዓላማቸውም መንፈሳቸውም ይለያያል። ተማሪው ሣቁን ጨርሶ ወደ ሂሳቡ እንዲገባ ግን ይህን ያህል ታሪክ ይበቃዋል፤ እነዚያም ወጣቶች ከሣቁ በኋላ በሚያስመሰግን ትጋት ሠርተዋል።

የመጀመሪያው ውሳኔያቸው ከተጫዋቾቹ ግማሹን ማሰናበት ነበር። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጻፈ፦ «ትልቁ ወጪያችን የተጫዋቾች ክፍያ ነው።» ክርክር እንኳ አልተነሣበትም። ቀጥሎ የቀሩት ተጫዋቾች በሳምንት የሚያቀርቡት ትርኢት ቁጥር እንዲጨምር፣ ክፍያቸው ግን ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። የቢሮ ሠራተኛ አልተነካም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት ውድ ሕንፃ አልተነሣም፤ የባንክ ወለድ እንደ ዝናብና ፀሐይ የማይለወጥ ነገር ተደርጎ ታየ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጓዳው ይህን ውሳኔ መሸለሙ ነው፤ የተመለሰው ዜና «የኩባንያው ወርኃዊ ወጪ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ፤ ባለ አክሲዮኖች ደስታቸውን ገለጹ» የሚል ነበር። ውሳኔውን የሰጡትም ውጤቱን የፈጠሩትም አንድ ዓይነት መማሪያ መጽሐፍ ያነበቡ ስለነበሩ ስሕተቱን ስሕተት የሚል ሰው በሁለቱም ክፍሎች አልተገኘም። ከተሰናበቱት ተጫዋቾች አንዱ እንኳ ተከታዮቹን ይዞ ከማዶ ባለው አዳራሽ ትርኢት ሲከፍት የሚያሳይ ዜና አልመጣም፤ በእውነተኛው ገበያ ግን አስቀድሞ የሚመጣው ዜና ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ የሰርክ ዱ ሶሌይን ምሳሌ አነሣ፤ ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ ትምህርቱን ግን ገልብጦ ወሰደው። የካናዳው ሰርከስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትርኢቶቹን ሁሉ ሲያስቆምበት ከሠራተኞቹ 95 በመቶውን ከሥራ አገደ፤ በጁን ወር መጨረሻ ከአበዳሪዎቹ የሚከላከለውን የሕግ ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይም አበዳሪዎቹ ባለቤትነቱን ተረከቡ፤ በ2021 ደግሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ተማሪው ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ «ተጫዋቹ ቢሄድም ኩባንያው ይተርፋል» የሚል ነበር። ኩባንያው ለምን እንደ ተረፈ ግን አልጠየቀም። በሰርክ ዱ ሶሌይ ትርኢቱ፣ ሙዚቃው፣ አልባሳቱና የመድረኩ ዲዛይን የኩባንያው ናቸው፤ ሚናው ተጽፎ ስለሚቀመጥ አንዱ አክሮባት ሲሄድ ሌላው ሠልጥኖ ይተካዋል። በድራግ ኩባንያ ሚናውን የጻፈው፣ ልብሱን ያሰፋውና ሚናውን የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ እርሱ በወጣበት በር ትርኢቱም አብሮ ይወጣል። ከዚህም ሌላ፣ የሰርከሱ ኩባንያ ገቢው በአንድ ሳምንት ዜሮ ሲገባ መተንፈሻ ያሳጣው ቀድሞ የተሸከመው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የተጠጋ ዕዳ ነበር። የእኛ ቦርድ ግን ዕዳውን አልፎ ልብሱን በራሱ ኪስ ያሰፋውን ተጫዋች አሰናበተ።

ለቦርዱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ የሰርከስ ታሪክ ነበር፤ ማንም አላነሣውም። የአሜሪካው ሰርከስ ሪንግሊንግ ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ከ146 ዓመት በኋላ ድንኳኑን አጠፈ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከእንስሳት መብት ተሟጋቾች ግፊትና ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ዝሆኖቹን ከትርኢቱ አስወጥቶ ነበር፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንደ ተናገሩት የትኬት ሽያጩ ከዚያ በኋላ ከጠበቁት በላይ አሽቆለቆለ። ዝሆኖቹ መውጣት አልነበረባቸውም ለማለት አይደለም፤ ውሳኔው በሥነ ምግባር ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሕዝቡ ለማየት የሚከፍልበት ነገር ሲወጣ በቦታው ምን እንደሚገባ አስቀድሞ የታሰበበት አልነበረም። ሰርከሱ በ2023 ያለ እንስሳት ተመልሶ ሲመጣ ትርኢቱ በሰው ችሎታ ላይ እንደ ገና ተሠርቶ ነበር። ከመቀነስ በፊት የሚቀነሰውን ነገር በገቢው ጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቻችን ተጫዋቹን ያዩት በወጪው ዓምድ ብቻ ነው።

ከተጫዋቹ ሌላ ምን ሊነካ ይችል እንደ ነበር በዝርዝር መናገር እችላለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ከባድ አይደለም። የተወሰነው ክፍያ ወደ ትኬት ድርሻ ተለውጦ አዳራሹ ሲሞላ ተጫዋቹ የሚጠቀምበት፣ ባዶ ሲሆን ኩባንያው የማይሰበርበት ውል መዋዋል ይቻላል። ከአከራዩ ጋር ተመሳሳይ ድርድር ማድረግ ይቻላል፤ ባዶ አዳራሽ ለአከራዩም አይጠቅመውም። አበዳሪን በቀጥታ ጠርቶ የመክፈያ ጊዜን ማራዘም ይቻላል። በዚህ ረገድ አንድ ነገር አሳዝኖኛል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕጋችን አዋጅ ቁጥር 1243 ችግር ላይ ያለ ነጋዴ ኪሳራ ሳይታወጅበት ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን በፍርድ ቤት ጥላ ሥር እንደ ገና የሚያደራጅበትን ሥርዓት አስገብቷል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት በቆየው ሕግ ያልነበረ ወይም የማይሠራበት ዕድል ነው። የንግድ ሥራ አመራር ተመራቂ ሊሆን ወራት የቀሩት ወጣት ኩባንያ ሳይዘጋ ዕዳውን ስለሚያደራጅበት የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 11 ሲናገር እየሰማሁ፣ ስለ አገሩ ሕግ ግን አንድም ቃል አልሰማሁም። የሠራተኛ ቅነሳውም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ቅደም ተከተልና የሠራተኛ ተወካይን ማማከር የሚጠይቅ ነው፤ በልምምዱ ግን ከአንድ ገጽ ውሳኔ በላይ አልፈጀም።

የቀውሱ ጓዳ ጥሩ አድርጎ ያመጣው አንድ ዜና ነበር፤ የሕግ ለውጥ። ይህ ከምናብ የመጣ አይደለም። የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በማርች 2023 እንዲህ ያሉ ትርኢቶችን ልጆች ሊያዩ በሚችሉበት ስፍራ የሚገድብ ሕግ አወጣች፤ በሜምፊስ ከተማ የሚገኘው ፍሬንድስ ኦፍ ጆርጅስ የተባለ የድራግ ቴአትር ቡድን ከሰሰ፤ አንድ የፌዴራል ዳኛ በጁን 2023 ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ብለው ፈረዱ፤ በ2024 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቡድኑ የመክሰስ መብቱን አላረጋገጠም በማለት ያንን ፍርድ ሻረ። ለአንድ ትንሽ የመዝናኛ ድርጅት ይህ ማለት የትኛውን አዳራሽ ለየትኛው ወር እንደሚከራይ፣ ማስታወቂያው ላይ የዕድሜ ገደብ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ፣ የመድን ውሉ ምን ያህል እንደሚጨምር ሳያውቅ ከዓመት በላይ መሥራት ነው። ተማሪዎቹ ለዚህ ዜና የሰጡት ምላሽ መግለጫ ማውጣት ነበር። መግለጫው በጣም ቆንጆ ነበር። አንዲት ተማሪ ብቻ «መግለጫው ትኬት የገዛው ሰው ገንዘቡ ይመለስለት እንደ ሆነ ይናገራል ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ የልምምዱ ምርጥ ጥያቄ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ጊዜ የለንም ብሎ አለፈው።

ተማሪዎቹ የድራግ ኩባንያውን ወደ ኋላ ብለው ቢያዩት ኖሮ የራሳቸውን ከተማ ያገኙበት ነበር። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ያለው ቡርቧክስ አዝማሪዎችን ትውልድ በትውልድ ሲያፈራ የኖረ መንደር ነው፤ ባል ማሲንቆውን እየመታ ሚስት እየዘፈነች፣ ልጆች በልጅነታቸው ሙያውን እየለመዱ። እነዚህን ቤተሰቦች ለማጥናት ከጃፓን ድረስ የመጣ አንትሮፖሎጂስት አለ፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ወጥቶ አዝማሪ ቤት ውስጥ የገቢና ወጪ ደብተር ለማየት የጠየቀ የንግድ ተማሪ ግን አላየሁም። አዝማሪውና የድራግ ተጫዋቹ በጥበባቸው አይገናኙም፤ ለማመሳሰልም አልሞክርም። በገበያ ውስጥ የተሰጣቸው ቦታ ግን አንድ ነው። ሁለቱም መሣሪያቸውንና ገጸ ባሕርያቸውን ይዘው የሚዞሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከደመወዝ ይልቅ በተመልካች እጅ የሚኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም ማታ ይሸለማሉ፣ ጠዋት ይናቃሉ። አዝማሪ የሚለው ስም ዛሬም በየሰፈሩ እንደ ስድብ የሚወረወር መሆኑን የጎንደር ሰው ሊክድ አይችልም።

ይህ ንቀት በሂሳብ ደብተር ውስጥ ዋጋ እንዳለው ማንም አላስተማራቸውም። ለድራግ ኩባንያው ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ወቀሳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚሸሸው ከዚያ ነው፤ አዝማሪ ቤት ለመክፈት የሚፈልግ ሰውም ቤት የሚያከራየው ሲያጣ ወይም ከሌላው ነጋዴ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠየቅ ያው ነው። ባንክ ለብድሩ ቤት ወይም መኪና በዋስትና ይጠይቃል፤ አዝማሪ ቤት ያለው ንብረት ማሲንቆ፣ የድምፅ ማጉያ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 እንዲህ ያለው ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል፤ ይህን ሕግ ለአንድ አዝማሪ ቤት ሥራ ላይ ለማዋል መሞከር ብቻውን አንድ ሙሉ የልምምድ ቀን የሚያስይዝ ነው። የዕቃው ዋጋ እንዴት ይገመታል፣ በማን ስም ነው የተመዘገበው፣ ማሲንቆው የአዝማሪው ነው ወይስ የቤቱ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ከላይ ስለ ዊጉ ከተነሣው ጥያቄ ግን አንድ ፀጉር አይለይም።

ጎንደርን ማዕከል ያደረገ የቀውስ ልምምድ ቢጻፍ ከማንኛውም የውጭ ጭብጥ የበለፀገ ይሆን ነበር። መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያው አለ። የአዝማሪ ቤት ገቢ በአሥራ ሁለት ወር እኩል የሚከፋፈል አይደለም፤ ጥር 11 የጥምቀት በዓል በፋሲለደስ መዋኛ ሲከበር ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ጥር ራሱ የሠርግ ወር ነው፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና 55 ቀን ዘፈንና ጭፈራ ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርጉ እንደ ገና ይጀምራል። ተማሪዎቹ የድራግ ኩባንያውን ዓመታዊ ገቢ ለአሥራ ሁለት ሲያካፍሉት እያየሁ ያሰብኩት ይህን ነበር፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በሁዳዴ ደመወዝ ለመክፈል በጥር የሚቆጥብ እንጂ በአማካይ የሚያስብ ባለ ቤት አይተርፍም። ቤቱ የሚኖረው ከመጠጥ ሽያጭ ነው፤ አዝማሪው የሚኖረው ከሽልማት ነው። ደንበኛው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር፣ አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ሲመልስለትና ብሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ፣ ያ ብር በቤቱ ደብተር ላይ አይገባም፤ ደንበኛው ተደስቶ ያዘዘው ሁለተኛ ዙር መጠጥ ግን ይገባል። አዝማሪውን ያሰናበተ ቤት መጠጥ ቤት ሆኖ ይቀራል፤ መጠጥ ቤት ደግሞ በየአደባባዩ ሞልቷል።

ቀጥሎ ቀውሱ አለ፤ እርሱን መፍጠር እንኳ አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰው የሚሰበሰብበትን ሁሉ ዘጋ። በኅዳር 2013 የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ጥቃት ጉዳት ደረሰበት፤ ፋሲል ግቢን ለማየት የሚመጣው የውጭ እንግዳ ያን ጊዜ ቀረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በከተማዋ የሰዓት እላፊ ተጣለ፤ በምሽት የሚኖር ሥራ ምሽቱን ተነጠቀ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት በስልክ ትርኢት ለውጭ አገር ወገኖች ማቅረብ የሚታሰብ አልነበረም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የተበላሸ ማይክሮፎን መተካት ራሱ የኢንቨስትመንት ውሳኔ ሆነ። የቀውስ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ እነዚህን ዜናዎች በተርታ ቢልክ ቦርዱ «ማጋነን ነው» ብሎ የሚቃወም ይመስለኛል፤ በዚህ ከተማ የሚኖሩ አዝማሪዎች ግን ሁሉንም አሳልፈዋል። እንዴት አሳለፉት? አንዳንዱ ወደ ቀን ሠርግ ዞረ፣ አንዳንዱ ማሲንቆውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ አንዳንዱ ሌላ ሥራ ያዘ። ለኔ ከየትኛውም የማማከር ድርጅት ሪፖርት በላይ የሚፈለገው ዕውቀት እዚያ ውስጥ ነው፤ እስካሁን ግን ጽፎ ያስቀመጠው የለም።

ከልምምዱ አሠራር ራሱ ሊታረሙ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አሸናፊው የሚመረጠው በንግግሩ ነው፤ በቋንቋ የታደለና ድምፁ የሚሰማ ተማሪ ቦርዱን ይመራል፤ ከጥግ ተቀምጣ ስለ ትኬት ተመላሽ የጠየቀችው ልጅ ግን ሽልማት አላገኘችም። ይህ የሚታረመው እያንዳንዱ ውሳኔ በሳምንታዊ የጥሬ ገንዘብ ሠንጠረዥ ላይ እንዲጻፍና ሠንጠረዡ በግልጽ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ በማድረግ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል። ሁለተኛውና ለኔ ዋነኛው፣ በቦርዱ ጠረጴዛ ላይ የተጫዋች ወንበር መኖር አለበት። በተማሪ የተያዘ የይስሙላ ወንበር ከሆነ አይበቃም፤ አዝማሪ ቤትን የሚመለከት ልምምድ ከሆነ አዝማሪ ይጠራ፣ ይቀመጥ፣ ድምፅ ይስጥ። ጓዳውም ውስጥ አንድ አዝማሪ ቢቀመጥ «ግማሹን አሰናብተናል» የሚል ውሳኔ ሲመጣለት ምን ዓይነት ዜና መልሶ እንደሚልክ መገመት አያዳግትም፤ ምናልባትም በግጥም ይልከዋል፤ ለቦርዱ ደግሞ ከዚያ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሰማሁት ተቃውሞ አንድ ነው፤ ባለሙያዎችን መጥራት ልምምዱን ያጓትታል፣ ተማሪዎቹ ነፃ ሆነው አያስቡም የሚል። እውነት ነው፣ ያጓትታል። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሠለጥን ተማሪም በሽተኛው ፊት ሲቆም ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ይዘገያል፤ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ የማስተማር ልማዱን ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል፤ የንግድ ትምህርት ክፍሉ ልማዱን ከጎረቤቱ ግቢ መዋስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም፤ አንድ አዳራሽ፣ ወረቀት፣ ሰሌዳ፣ ሻይ። ጊዜው ከጥምቀት ሳምንት ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያ ሳምንት አዝማሪው ሥራ ላይ ነው። የሚመጡት ባለሙያዎች እንደ እንግዳ ተመስግነው የሚሸኙ ሳይሆኑ ለሰዓታቸው በውል የሚከፈላቸው መሆን አለባቸው፤ በጀቱ ሲዘጋጅም የእነርሱ ክፍያ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ፤ ቢያጥር ሻይው ይቀነስ።